ከላቦራቶሪ ወደ ፋብሪካ
በአሜሪካ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ የተግባራዊ ፊዚክስ ማስተርስ ተማሪ እንደ ሴሚኮንዳክተርና ኦፕቲክስ ባሉ ዘርፎች በበጋ ወራት ጠንካራ ኮርሶችን ይወስዳል፤ ከዚያም በቃለ መጠይቅ ተወዳድሮ ለ9 ወር ያህል ደመወዝ እየተከፈለው ኩባንያ ውስጥ ይሠራል።

ትልቁ ትርፍ ግን ደመወዙ ሳይሆን የፋብሪካን አሠራር መልመዱ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ስስ ንጣፍ በሲሊኮን ላይ አንዴ በትክክል ካረፈ ለጥናት ጽሑፍ ይበቃ ይሆናል። ፋብሪካ ያው ንጣፍ ዛሬም ነገም፣ በሺዎች በሚቆጠሩ የሲሊኮን ዝርጎች ላይ እኩል ውፍረት እንዲኖረው ይፈልጋል። ስለዚህ ተለማማጁ የሚውለው አዲስ ሕግ ሲፈልግ ሳይሆን፣ ንጣፉ የሚሠራበት የቫኪዩም ክፍል ግፊት ከትናንቱ ለምን እንደተለየ ሲያጣራ ነው።

ልምምዱ ዋጋም ያስከፍላል። የኩባንያ ምስጢር የሆነ ውጤት አይታተምም፤ ዶክትሬት ለሚያስብ ተማሪ ይህ ቀላል አይደለም።