አቤቱታው ከመርማሪው በፊት የት ይቀራል? በረድኤት ድርጅቶች ውስጥ የሠራተኛ ጥፋትን ስለ መመርመር



 የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ደስ የሚያሰኝ አይደለም። በተቸገረ ሰው ስም የተሰበሰበ ገንዘብ የሚያንቀሳቅሱ፣ አብዛኞቹም ቅን ሰዎች የሚሠሩባቸው ድርጅቶች፣ ከሠራተኞቻቸው አንዱ ሊረዳው የተላከለትን ሰው ሲበድል ጉዳዩን እንዴት ይመረምራሉ? ምርመራውስ የሚሰናከለው የት ላይ ነው? በዚህ አዳራሽ ካላችሁት ተማሪዎች ብዙዎቻችሁ ነገ በእነዚህ ድርጅቶች ስለምትቀጠሩ፣ ጥያቄው ለእናንተ የንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም።

መከራከሪያዬን አስቀድሜ ላስቀምጥ። ስለ ምርመራ ስናስብ ሐሳባችን ቶሎ የሚሄደው ወደ መርማሪው ነው፤ ሙያው፣ ገለልተኛነቱ፣ ምስክር አጠያየቁ ይታየናል። ይህ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በይፋ የታወቁትን ጉዳዮች ስመለከት፣ ምርመራው የሚሰናከለው ብዙ ጊዜ መርማሪ ያልሆኑ ሰዎች በሚሰጧቸው ሦስት ውሳኔዎች ላይ ነው። አንደኛ፣ የተሰማው ነገር «አቤቱታ» ነው ወይስ አይደለም? ሁለተኛ፣ ማስረጃ ሲጎድል ጉዳዩ ምን ይባላል? ሦስተኛ፣ ጥፋተኛው በምን ዓይነት ወረቀት ይሰናበታል? እያንዳንዱን በአንድ ጉዳይ አስረዳለሁ። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከመጀመሪያው ልነሣ። ከ2018 እስከ 2020 በዴሞክራቲክ ኮንጎ ሪፐብሊክ ምሥራቃዊ ክፍል የኢቦላ ወረርሽኝ በተስፋፋ ጊዜ፣ ወረርሽኙን ለመግታት ብዙ ሰው በጥድፊያ ተቀጠረ። በድህነትና በጦርነት በተጎሳቆለ አካባቢ ቀጣሪ መሆን ትልቅ ሥልጣን ነው። በ2020 ሁለት የዜና ተቋማት ባወጡት ዘገባ፣ ከ50 የሚበልጡ ሴቶች በርዳታ ሠራተኞች ወሲባዊ ብዝበዛ እንደ ደረሰባቸው ተናገሩ፤ ብዙዎቹም ሥራ ለማግኘት ወሲብ ተጠየቅን አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ያቋቋመው ገለልተኛ ኮሚሽን በ2021 ባወጣው ሪፖርት 83 ተጠርጣሪዎችን ጠቅሶ፣ ከእነዚህ 21ዱ በድርጅቱ የተቀጠሩ እንደ ነበሩ አረጋገጠ።

ቁጥሩ ከባድ ነው፤ ለዛሬው ርእሳችን ግን ይበልጥ የሚያስተምረን ሌላ ነገር ነው። ለኃላፊዎች አስቀድሞ የደረሰ አንድ ጉዳይ ሳይመረመር ቆይቷል፤ ከተሰጡት ምክንያቶችም አንዱ ሴትዮዋ የድርጅቱ «ተረጂ» አይደለችም የሚል ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ በ2003 ያወጡት መመሪያ ግን ገንዘብን፣ ሥራን፣ ዕቃን ወይም አገልግሎትን በወሲብ መለወጥን በግልጽ ይከለክላል፤ ሥራ የተጠየቀባት ሴት በርዳታ መዝገብ ላይ መስፈር አለባት አይልም። ስለዚህ ጉድለቱ የሕግ አልነበረም። ሕጉን ያነበበው ሰው ከሰፊው በር ይልቅ ጠባቡን መርጧል። መርማሪ ከመላኩ በፊት፣ ማስረጃ ከመታየቱ በፊት፣ በአንድ ቃል ትርጓሜ ጉዳዩ ወደ ምርመራ ሳይገባ ቀረ።

ይህ በየቦታው በትንሹ ይደጋገማል። «በጽሑፍ ታቅርብ»፣ «ስሟን ታስመዝግብ»፣ «ወሬ ነው፤ አቤቱታ አይደለም» ይባላል። መጻፍ የማትችል፣ ስሟን ብታስመዘግብ የወር ስንዴዋ የሚቀርባት የሚመስላት ሴት ይህን ስትሰማ ምን ታደርጋለች? «ሆድ ይፍጀው» ብላ ወደ መጠለያዋ ትመለሳለች። ድርጅቱም በዓመቱ መጨረሻ በሪፖርቱ ላይ «የደረሰን አቤቱታ የለም» ብሎ ይጽፋል። አቤቱታ የሌለበት ዓመት ጥፋት የሌለበት ዓመት ነው ብሎ መደምደም ግን ትልቅ ስሕተት ነው።

ወደ ሁለተኛው ውሳኔ ልለፍ። በ2001 መጨረሻ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽንና የብሪታንያው ሴቭ ዘ ችልድረን በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን ባስጠኑት ጥናት፣ ስደተኛ ልጃገረዶች ለምግብና ለመጠለያ ዕቃ ሲሉ በርዳታ ሠራተኞችና በሰላም አስከባሪዎች ወሲባዊ ብዝበዛ እንደሚፈጸምባቸው ተነገረ። ጥናቱ በ2002 መጀመሪያ ይፋ ሲሆን ዓለም ደነገጠ። ጉዳዩን ቀጥሎ የመረመረው የተባበሩት መንግሥታት የውስጥ ቁጥጥር ቢሮ ችግሩ በእርግጥ መኖሩን ተቀብሎ የተወሰኑ ጉዳዮችን ቢያረጋግጥም፣ በመጀመሪያው ጥናት የተነገሩትን ታሪኮች አብዛኞቹን ማረጋገጥ እንዳልቻለ አስታወቀ።

እዚህ ላይ ሁለት አባባሎችን መለየት ይገባናል። «ሐሰት ሆኖ ተገኘ» አንድ ነገር ነው፤ «አልተረጋገጠም» ሌላ ነው። ስደተኛ ከመጠለያ ወደ መጠለያ ይዛወራል፤ ሕፃን ቀኑን አያስታውስም፤ ምስክሩ የሚበላው በተከሳሹ እጅ ከሚታደለው ነው። የማስረጃ ሚዛኑም ከቦታ ቦታ ይለያያል። የተባበሩት መንግሥታት የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2011 እንደ ወሰነው፣ ሠራተኛን ከሥራ የሚያሰናብት ጥፋት ግልጽና አሳማኝ በሆነ ማስረጃ መረጋገጥ አለበት። ብዙ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ግን «ከመሆን አለመሆን የቱ ያደላል?» በሚለው ቀለል ያለ ሚዛን ይጠቀማሉ። አንዱ ታሪክ በአንዱ ቢሮ የተረጋገጠ፣ በሌላው ያልተረጋገጠ ሊባል ይችላል።

ሚዛኑ ይውረድ ማለቴ አይደለም። ተከሳሹም ሰው ነው፤ የተከሰሰበትን የማወቅ፣ መልስ የመስጠት፣ ምስክር የማቅረብ መብት አለው። በቂም የተወነጀለ ሠራተኛ የሚደርስበትን ጉዳት የሚያቃልል ሥርዓት ፍትሐዊ አይባልም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ በተከሳሹ ላይ ለመፍረድ የሚያስፈልገው ማስረጃ የተጎዳችውን ለመርዳትም መስፈርት መሆን አለበት?

በቀድሞው የአገራችን ሥርዓት አፈርሳታ ወይም አውጫጪኝ የሚባል የመመርመሪያ ሸንጎ እንደ ነበር የታሪክና የሕግ ተማሪዎች ታውቃላችሁ። ጥፋተኛው ባልታወቀ ጊዜ የአካባቢው ሰው በአንድ ቦታ ተሰብስቦ የሚያውቀውን እንዲናገር ይደረግ ነበር። ጥፋተኛው ካልተገኘ ደግሞ ነዋሪው ካሣውን በጋራ ይከፍል ነበር። ሥርዓቱን ለማወደስ አላነሣሁትም፤ ብዙ ንጹሐንን ከሥራቸው ያስተጓጉል ነበርና። ሆኖም በውስጡ አንድ ቁም ነገር ነበረው፤ የበዳዩ አለመታወቅ የተበዳዩን መበደል አያስቀርም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2007 ባጸደቀው የተጎጂዎች ድጋፍ ስልት፣ አቤቱታ አቅራቢዎች ጉዳያቸው ገና ሳይረጋገጥም መሠረታዊ የሕክምናና የሥነ ልቡና ርዳታ ማግኘት እንዳለባቸው ተቀብሏል። በአሠራር ግን አሁንም ብዙ ድርጅቶች የተጎጂዋን መዝገብ ከተከሳሹ መዝገብ ጋር አብረው ይዘጋሉ።

ሦስተኛው ውሳኔ የስንብቱ ነው። ከ2010 የሄይቲ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ እዚያ ይሠሩ የነበሩ የኦክስፋም ሠራተኞች ላይ በ2011 የውስጥ ምርመራ ተካሄደ። አራቱ ተባረሩ፤ ሦስቱ፣ የአገሪቱን ቢሮ ዳይሬክተር ጨምሮ፣ ሥራቸውን እንዲለቁ ተደረገ። ምርመራ ተደርጓል፤ እርምጃም ተወስዷል። ታዲያ በ2018 ጉዳዩ በጋዜጣ ሲወጣ ያን ያህል ማዕበል ያስነሣው ለምንድን ነው? የእንግሊዝና የዌልስ የበጎ አድራጎት ኮሚሽን በ2019 ባወጣው ሪፖርት እንደ ተቸው፣ ዳይሬክተሩ ክብራቸው ተጠብቆ እንዲለቁ ተፈቅዶላቸው ነበር፤ ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ልጆች የቀረበው ክስም በአግባቡ አልተጣራም። ዳይሬክተሩ ከዚያ በኋላ በሌላ አገር፣ በሌላ የርዳታ ድርጅት ተቀጥረው ሠርተዋል።

ድርጅቱ የጠየቀው «ሰውየው ከእኛ ጋር ይቆይ ወይስ ይሂድ?» የሚለውን ነበር። «ከዚህ ሲሄድ ወደ ማን ይሄዳል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢውን ትኩረት አላገኘም። ይህን ክፍተት ለመድፈን በ2019 የተጀመረ አንድ የጋራ አሠራር አለ፤ አባል ድርጅቶች ሠራተኛ ሲቀጥሩ የቀድሞ ቀጣሪውን ስለ ተረጋገጠ ወሲባዊ ጥፋት በቀጥታ ይጠይቃሉ፤ ሲጠየቁም ይመልሳሉ። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ከዚህ እስከዚህ ቀን ሠርቷል ከማለት አልፎ ምንም በማይናገርበት ዓለም ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም።

ወደ አገራችን ስንመለስ አንድ የሕግ ሁኔታ መጤን አለበት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 መሠረት፣ ያለማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብት አሠሪው ምክንያቱን ካወቀበት ቀን አንሥቶ ከ30 የሥራ ቀናት በኋላ ይቋረጣል። ሠራተኛን ከሥራ አግዶ ማቆየትም ከ30 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም። ዓላማው ሠራተኛውን ከማያልቅ ጥርጣሬ መጠበቅ ነው፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን መርማሪው ከዋና መሥሪያ ቤት ባሕር ተሻግሮ እስኪመጣ፣ አስተርጓሚ እስኪገኝ፣ መንገዱ እስኪከፈት 30 ቀን ምን ያህል ነው? አሠሪው «ያወቀው» መቼ ነው የሚለውም ራሱ ያከራክራል። ስለዚህ የሠለጠነ መርማሪ፣ በተለይም የአካባቢውን ቋንቋ የምትናገር ሴት መርማሪ፣ አቤቱታ ከመምጣቱ በፊት በአገር ውስጥ መዘጋጀት አለባት። ፋኩልቲያችን ለዚህ ሥልጠና ቦታ መስጠት ይችላል፤ መስጠትም ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

አባቶች ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይላሉ። የዚህ ነገር ሥሩ ድርጅቱ በራሱ ጉዳይ ዳኛ መሆኑ ነው። አቤቱታውን የሚቀበለው ኃላፊ የፕሮጀክቱ ኃላፊ ነው፤ ለጋሹ የሚሰማውን ነገር የሚፈራውም እርሱ ነው። ይህን ሸክም ቅንነት ብቻውን አያቀልለውም። አቤቱታ የሚቀበለው፣ የሚመረምረውና የሚወስነው ሰው መለያየት አለባቸው።

ለተማሪዎቼ ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። ነገ በመስክ ቢሮ ስትቀመጡ በቃል የተነገራችሁን በዚያው ቀን በተናጋሪዋ ቃል ጻፉ፤ ራሳችሁ ግን ለመመርመር አትሞክሩ፤ ለሚመለከተው አድርሱ። «አልተረጋገጠም» የሚል ወረቀት ሲደርሳችሁ፣ ለተጎጂዋ ምን ተደረገላት ብላችሁ ጠይቁ። በመጨረሻም ውጤቱ ለእርሷ እንዲነገራት አድርጉ። ብዙ መዝገቦች ተከሳሹም፣ ኃላፊውም፣ ለጋሹም ውሳኔውን አውቀውት ይዘጋሉ፤ ደፍራ የተናገረችው ሴት ግን ጉዳይዋ የት እንደ ደረሰ የሚነግራት አታገኝም።