ስለ ቤተ እስራኤል ዜማ በደብሩ ኢዮቤልዩ የተነገረ ቃል



የዛሬው በዓል ስሙ ኢዮቤልዩ የተገኘው ከኦሪት ዘሌዋውያን ነው፤ በ50ኛው ዓመት ቀንደ መለከት ይነፋ ነበርና። ስለዚህ በዚህ ቀን የእስራኤልን ዜማ ማንሣት ከነገሩ መውጣት አይሆንም።

ከቡልቡላ አጠገብ ካለው ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፥ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፥ በ36 ሰዓት ያህል ውስጥ ከ14,000 የሚበልጡ ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል ሀገር ተሻገሩ። ቄሶቻቸው ይዘውት የሄዱት ሀብት በቃል የተማሩት የግእዝ ጸሎት ነው። ይህ ዜማ የአይሁድ ነው ወይስ የቤተ ክርስቲያን? እያሉ የሚከራከሩ አሉ።

ክርክሩ ያለ ምክንያት አልተነሣም። አሜሪካዊቱ የዜማ ተመራማሪ ኬይ ካውፍማን ሸለመይ በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፥ የቤተ እስራኤል ጸሎት በቃሉም በዜማውም ከቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋራ እጅግ የተቀራረበ መሆኑን አስረድተዋል። ጸሎቱ በዕብራይስጥ ሳይሆን በግእዝ፥ አንዳንዱም በአገውኛ ነው፤ መነኮሳትም ነበሩአቸው፤ በ15ኛው መቶ ዓመት እንደ ነበሩ የሚነገርላቸውን አባ ሰብራን ሥርዓታቸውን ካቆሙላቸው አባቶች ይቈጥሩአቸዋል። ይህን የሰማ ችኩል ሰው፥ «እንግዲያስ የተዋሱት ነው» ብሎ ይፈርዳል።

ቅኔ ቤት የዋለ ግን እንዲህ አይፈርድም። ጉባኤ ቃና የዜማ ልክ አለው፤ ልኩን ተማሪው ከመምህሩ ተቀበለው እንጂ አልፈጠረውም። ዛሬ የዘረፈው ቅኔ ግን የራሱ ነው፤ ልኩ የሌላ ነውና ቅኔው ያንተ አይደለም የሚለው መምህር የለም። ደግሞስ ብድር ከተቈጠረ፥ መዝሙረ ዳዊትን ሌሊትና ቀን የሚደግሙ፥ በታቦት ፊት የዘለለውን ንጉሥ አብነት ያደረጉ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ስንት ዕዳ ይኖርባቸው ይሆን?

ዜማውን የእነርሱ የሚያደርገው ሥራው ነው። ቀዳሚት ሰንበትን ሊቀበሉ ያዜሙታል፤ ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም መልሰው ይጸልዩበታል፤ ስመ ሥላሴ አይጠራበትም፤ በበዓላት ነጋሪትና ቃጭል ያጅቡታል። በስግድ ቀን ጾመው ተራራ ሲወጡና ኦሪት ሲነበብ የሚሰማው ይኸው ነው።

ስግድ በእስራኤል ሀገር በ2000 ዓ.ም. በሕግ ብሔራዊ በዓል ሆኗል፤ ቄሶቹም ዛሬ በኢየሩሳሌም በግእዝ ይጸልያሉ። በዙሪያቸው የሚቆሙት ብዙዎች ወጣቶች ግን በዕብራይስጥ ያደጉ ናቸውና ግእዙን አይሰሙም። ድጓ ምልክት ተጽፎለት በብራና ይኖራል፤ የእነርሱ ዜማ ግን ምልክት የለውም፤ ያለው በሽማግሌዎቹ ጉሮሮና ተመራማሪዎች በቀረጹት ድምፅ ነው።