ትንሽ ነው ተብሎ የተተወ ስሕተት
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጊዜ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ሩቅ ነገር አይደለም። ብዙዎቻችን በኪሳችን የያዝነው የአንድሮይድ ስልክ የሚሠራው ሊኑክስ በተባለው ከርነል ነው። ከርነል ማለት የሥርዓቱ እምብርት ነው፤ የማሽኑን ሜሞሪ ለየፕሮግራሙ የሚያድል፣ ማን እንዲያነብ፣ ማንስ እንዲጽፍ የሚፈቅድ እርሱ ነው። ታዲያ ይህ ዘበኛ ራሱ የተሳሳተ እንደ ሆነ፣ በየበሩ የምንሰቅለው ጓጉንቸር ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር ወር 2016 «ደርቲ ካው» የተባለ የከርነል ስሕተት በይፋ ተገለጸ። ስሙ በእንግሊዝኛ «ቆሻሻ ላም» ማለት ስለ ሆነ ፌዝ ይመስላል፤ ነገር ግን «ካው» የሚለው «ሲጻፍ ብቻ ቅዳ» የሚለው ደንብ አሕጽሮት ነው።

ደንቡን በመዝገብ ቤት ምሳሌ እናስረዳ። ሁሉም የሚያነበው፣ ሹሙ ብቻ ግን የሚጽፍበት አንድ መዝገብ አለ እንበል። ለየአንባቢው ቅጂ መሥራት ወረቀት ማባከን ስለ ሆነ ሁሉም በዋናው ይጠቀማሉ። ከአንባቢዎቹ አንዱ «ለግሌ ልጻፍበት» ያለ እንደ ሆነ፣ ጸሐፊው ለእርሱ ብቻ ቅጂ ይሠራለታል፤ ዋናውም ሳይነካ ይቀመጣል። ከርነሉ የሜሞሪ ገጾችን የሚያድለው በዚሁ ደንብ ነው።

ስሕተቱ የነበረው በሁለት እርምጃዎች መካከል ነው። ጸሐፊው ቅጂውን ሠርቶ ሲያበቃ፣ ከእንግዲህ አያስፈልግም ብሎ ከማመልከቻው ላይ «ለመጻፍ» የሚለውን ቃል ይፍቃል። በዚያች ቅጽበት የአመልካቹ ግብረ አበር ቅጂውን ይጥለዋል። ጸሐፊው ተመልሶ ቢያይ ቅጂ የለም፤ ማመልከቻውን ቢያነብ «ለመጻፍ» አይልም። ስለዚህ ለንባብ የተጠየቀ መስሎት ዋናውን መዝገብ ያወጣል፤ ጽሑፉም በዋናው ላይ ይሰፍራል። አጥቂው ይህች ቅጽበት እስክትገጥምለት ድረስ ሳይታክት ይሞክራል፤ ማሽን አይደክምምና ይሳካለታል። እንዲህ አድርጎ በበላይ ሥልጣን የሚሠራ ፕሮግራም የለወጠ ተራ ተጠቃሚ፣ የማሽኑ አዛዥ ይሆናል።

ጓደኞቻችን፤ እኛን ያሳሰበን ግን ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ነው። የሊኑክስ መሥራች ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2016 ጥገናውን ሲያስገባ፣ ይህን ስሕተት ከ11 ዓመት በፊት ራሱ ሊያርመው ሞክሮ እንደ ነበር፣ እርማቱም ጥሩ እንዳልነበረ በግልጽ ጻፈ። ያ የ2005 እርማት ኤስ 390 በተባሉት የአይ.ቢ.ኤም. ማሽኖች ላይ ችግር ስለ ፈጠረ ተሽሮ ነበር። በዚያን ጊዜ አደጋው በሐሳብ ብቻ ያለ ይመስል ነበር። ከርነሉ እየሰፋ ሲሄድ ግን በሐሳብ የነበረው በተግባር ሆነ፤ ከ2007 ጀምሮ የወጡት ከርነሎች ሁሉ ለጥቃት ተጋለጡ። በ2016ም ስሕተቱ የታወቀው አንድ ባለሙያ ወደ ማሽኑ የሚገባውን መልእክት እየመዘገበ ስለ ነበር፣ የአጥቂውን መሣሪያ ከዚያ ውስጥ በማግኘቱ ነው። ይኸውም ሌባው ከባለቤቱ ቀድሞ አውቆ ነበር ማለት ነው። አባቶቻችን «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

ነገሩ በዚህም አላበቃም። በ2017 ጥገናው ራሱ ጉድለት እንዳለበት ተደረሰበት፤ ለተለመዱት ትንንሽ ገጾች የበጀው እርማት ለትልልቆቹ የሜሞሪ ገጾች ሌላ ቀዳዳ ከፍቶ ነበርና እንደገና ታረመ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

«የሊኑክስ ጽሑፍ ለሁሉ የተገለጠ ነው፤ ታዲያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዴት አልታየም?» የሚል ይኖራል። እኛ የምንመልሰው፣ የተገለጠ ሁሉ የተነበበ አይደለም ብለን ነው። እያንዳንዱ «ሌላው አይቶታል» ብሎ ካለፈ ማንም አላየውም። ቢሆንም ጥገናው በአደባባይ በመደረጉ፣ ሌሎች መርምረው የቀረውን ጉድለት ሊያገኙ ችለዋል። ስለዚህ መድኃኒቱ መሸሸግ ሳይሆን ማንበብ ነው።

እንግዲህ ከእኛ ምን ይጠበቃል? አንደኛ፣ ከርነሉ ታረመ ማለት በኪሳችን ያለው ስልክ ታረመ ማለት አይደለምና፣ ማሻሻያ ሲመጣ «ነገ» አንበል። ሁለተኛ፣ በምንጽፈው ፕሮግራም ውስጥ ያወቅነውን ጉድለት «ለጊዜው አይጎዳም» ብለን ብንተወው እንኳ፣ ለምን እንደ ተውነው ጽፈን እናስቀምጥ፤ ዛሬ የማይጎዳው ሁኔታው ሲለወጥ ይጎዳልና። ሦስተኛ፣ «ያን ጊዜ ያረምሁት በደንብ አልነበረም» የሚለውን ሰው አንሳቅበት። በመካከላችን እንዲህ ብሎ መናገር የሚያሳፍር እስከ ሆነ ድረስ፣ ጉድለታችንን የሚነግረን ሌባው ብቻ ይሆናል።