የማያምም ቁስል አይናቅም፤ አይደበቅም



እኔ የተወለድኩት እዚሁ እስራኤል ነው። አማርኛዬን ከአያቴ ስለሆነ የተማርኩት፣ ብሳሳት ይቅር በሉኝ።

አያቴ በ1991 በሰለሞን ዘመቻ ነው የመጡት። «እኛ አገር ስኳር በሽታ የት ነበር?» ይላሉ። አንድ ቀን ካልሲያቸው ላይ ደም አየሁ። አውራ ጣታቸው ሥር ቁስል ነበር፤ ወር አልፎታል። ለምን እንደደበቁን ስጠይቃቸው፣ «አያመኝም እኮ ልጄ፣ ለምን ላስቸግራችሁ?» አሉኝ።

ክፉው ነገር ይኸው «አያመኝም» የሚለው ነው። ስኳር ለረዥም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል፤ የደም ሥርንም ያጠባል። እግር ከደነዘዘ ጠጠር ቢወጋው፣ ጫማ ቢልጠው አይሰማውም። ደም በደንብ ካልደረሰው ደግሞ ቁስሉ የሚድንበትን ኦክስጅን አያገኝም። ቸል ከተባለ እግር እስከማስቆረጥ ይደርሳል።

በሞአዶን ስንገናኝ አንዳንዶቻችሁ «ቁስልን በኦክስጅን ያክማሉ ይባላል፣ እውነት ነው?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። አዎ፣ እውነት ነው። በአፍንጫ የሚሳብ ሳይሆን ቁስሉ ላይ ብቻ የሚደረግ ኦክስጅን አለ። አንዱ ዓይነት እግርን እንደ ከረጢት ባለ መሸፈኛ ውስጥ ያስገባል። ሌላው በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ከአየር ኦክስጅን እየለየ በቀጭን ቱቦ ፋሻው ሥር ያስገባል። ሁለቱም ቤት ውስጥ ሊደረጉ ይችላሉ። በ2020 በወጣ አንድ ጥናት፣ እግር በሚሸፍነው መሣሪያ ከታከሙት ሰዎች በ12 ሳምንት ውስጥ ከመቶው 42 ያህሉ ቁስላቸው ሲዘጋ፣ ያለ ኦክስጅን ከታከሙት ግን 14 ያህሉ ብቻ ነበሩ።

ግን ልብ በሉ፤ ሁሉንም ሰው አያድንም፣ የመጀመሪያውም ሕክምና አይደለም። አስቀድሞ ሐኪሙ የእግሩን የደም ዝውውር ይመረምራል፤ የሞተውን ሥጋ ያነሳል፤ ኢንፌክሽን ካለ ያክማል፤ ቁስሉ እንዳይረገጥ ልዩ ጫማ ያዛል። ስኳሩም መስተካከል አለበት። ይህ ሁሉ ተደርጎ በ4 ሳምንት ውስጥ ቁስሉ በግማሽ ካልቀነሰ፣ ያኔ «ዶክተር፣ ሌላ ምን አለ? ኦክስጅንስ ለእኔ ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ። ኩፓት ሆሊም ይከፍል እንደሆነም አስቀድማችሁ አጣሩ። መሣሪያውን ያገኘ ሰው ከሲጋራ፣ ከሻማና ከቡና ከሰል ይራቅ፤ ኦክስጅን እሳትን ያባብሳል።

አሁን ከእናንተ የምለምነው ሦስት ነገር ነው። በየማታው እግራችሁን ከሥር ጭምር እዩ፤ ጎንበስ ማለት ካቃታችሁ መስተዋት ተጠቀሙ፣ ወይ የልጅ ልጃችሁን ጥሩ። ቁስል ካያችሁ ባያምም እንኳ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ሂዱ። ቁስሉን ያያችሁበትን ቀን ደግሞ ጻፉት፤ 4 ሳምንቱ እንዳያመልጣችሁ። ዕብራይስጡ ከከበዳችሁ ወደ እኛ ኑ፤ አብረን እንደውላለን።

የአያቴ ቁስል ኦክስጅን ሳያስፈልገው፣ በልዩ ጫማና በነርስ እንክብካቤ ዳነ። ጣታቸው ግን አልተረፈም። «ያኔ ብነግርሽ ኖሮ» ይሉኛል እስከ ዛሬ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የምትሉት እናንተው ናችሁ። እባካችሁ፣ ንገሩን።