ኦርጋን ለሚማሩ ጓደኞቻችን የተደረገ ንግግር



ፒያኖ የምናውቅ ሁሉ ኦርጋን ይቀለናል ብለን ነበር፤ ተሳስተናል። የኦርጋን ድምፅ ጣት እስኪነሣ ሳይደክም ይሰማል፤ ጣት ሲነሣ ይቆማል። ስለዚህ ዜማውን የሚያያይዘው ጣት ብቻ ነው። ከዚህም በላይ እግር የራሱን ዜማ ይጫወታል፤ ግራ እጃችንም እግራችንን እየተከተለ ይስታል። በዚሁ ምክንያት ከመካከላችን ትምህርቱን ለመተው ያሰቡ ነበሩ።

መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው። አስቀድሞ እግርን ብቻ፣ ቀጥሎ እግርን ከግራ እጅ ጋራ፣ በመጨረሻም ሁሉን ባንድነት፣ በዝግታ መለማመድ ይገባል። ዓይንም ወደ እግር አይመልከት።

በፈረንጆች 1750 ያረፈው ጀርመናዊው ባኽ፣ 46 ድርሰቶች ባሉበት «ትንሹ የኦርጋን መጽሐፍ» የርእስ ገጽ ላይ፣ ጀማሪ የእግሩን ጨዋታ እንዲለማመድበት መሆኑን ጽፏል። እንግዲህ ችግሩ የኛ ብቻ አይደለምና፣ ማፈሩን ትተን እንለማመድ።