ከኮልፌ እስከ ገደሉ ግርጌ

እሷ፦ ከኮልፌ ቀራኒዮ በማለዳ የተነሳ ተጓዥ በዊንጌት አድርጎ፣ ሱሉልታን አልፎ ደብረ ሊባኖስ ገዳም ይደርሳል። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ሜዳው ድንገት ያልቃል።

እሱ፦ ድንገት ማለት ድንገት! ከእርሻው ጠርዝ ቀጥሎ ገደል ነው። የሸለቆው ውሃ ወደ ጀማ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይወርዳል።

እሷ፦ አብዛኛው ጎብኚ ግን «የፖርቱጋል ድልድይ» ላይ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል።

እሱ፦ ድልድዩን ያሠሩት እኮ የአፄ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ናቸው፤ ፖርቱጋሎች ከአገር ከወጡ ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ። ገዳሙም ቢሆን ታሪኩ ከባድ ነው። መነኮሳቱ በግንቦት 1929 ዓ.ም. በጣሊያኑ የጦር መሪ በግራዚያኒ ትእዛዝ ተጨፍጭፈዋል።

እሷ፦ ቀኑን ሙሉ ሸለቆው ውስጥ ለሚጓዝ ሰውስ?

እሱ፦ መንገድ መሪ ያስፈልገዋል፤ ለቅንጦት አይደለም። ከታች ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ ደጋው ላይ የዘነበው ደራሽ ሆኖ ይመጣል። የአገሬው ሰው የውሃውን መደፍረስ አይቶ ማዶ አይሻገርም።

እሷ፦ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹም አሉ።

እሱ፦ አሉ! በዱር የሚኖሩት ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ቀን ሜዳው ላይ ሣር ይግጣሉ፣ ሲመሽ ነብርና ጅብ ሸሽተው ገደሉ ላይ ያድራሉ።

እሷ፦ የሚያደክመው መመለሱ ነው። ተራራ ላይ ዳገቱ ይቀድማል፤ እዚህ ግን ጉልበት ካለቀ በኋላ፣ በቀትር ፀሐይ ይመጣል።

እሱ፦ ስለዚህ ከተያዘው ውሃ ግማሹ ለመልስ ይቀመጥ። መሪው «እንመለስ» ካለም ክርክር አያስፈልግም።