ከቅርብ ዘመድ የሩቅ ትውውቅ

ተመራቂዎች፦ የክብር እንግዶቹን ስም መድረክ መሪው በሚገባ ጠርቷልና አልደግመውም፤ ጋውኑም ይሞቃል፣ ከኋላ የተከደነው ምግብም ይቀዘቅዛል። ብዙዎቻችሁ ሜሪላንድ ከገባችሁ ገና ዓመት አልሞላችሁም። ማታ ማታ እንግሊዝኛውን አጥንታችሁ፣ የነርስ ረዳት ሥልጠናውን ጨርሳችሁ እዚህ ደርሳችኋል። ከነገ ጀምሮ የሚያገኛችሁ ሰው ሁሉ «ምን ሥራ ልትገቢ ነው? ምን አሰብክ?» ይላችኋል። እኔ ግን ለመጀመሪያ ሥራ «ምን» ከሚለው በፊት «በማን በኩል» እና «ከማን ጋር» የሚሉት ይቀድማሉ ብዬ ልሟገት ነው የመጣሁት።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» እንላለን። እውነት ነው፤ ስንታመም ሾርባ የሚያመጣው፣ ሐዘን ሲደርስ በር ላይ የሚቆመው የቅርብ ሰው ነው። ለሥራ ፍለጋ ግን ተረቱ ይገለበጣል። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር በቦስተን አጠገብ ኒውተን በምትባል ከተማ ሥራ የቀየሩ ባለሙያዎችን ጠይቆ፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1973 አሳተመ። በሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል፣ ወሬውን የነገራቸውን ሰው በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ የሚያገኙት 16.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። 55.6 በመቶዎቹ አልፎ አልፎ፣ 27.8 በመቶዎቹ ደግሞ በዓመት አንዴ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ የሚያገኙት ሰው ነበር የጠቆማቸው። የቅርብ ወዳጅ ስለማያስብልን አይደለም። አብሮን የሚውል ሰው የሚያውቀውን እኛም አስቀድመን ስለምናውቀው ነው። አንድ ቤት የተከራዩ አራት ልጆች ስምንት ጆሮ አላቸው፤ ወሬው የሚቀዳው ከአንድ ምንጭ ከሆነ ግን ስምንቱም የሚሰማው ያንኑ ነው።

«ይህ የድሮ ጥናት ነው፤ የተጠየቁትም አገሩን የለመዱ ባለሙያዎች ናቸው» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያውን ነጥብ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሌላ ጥናት ይመልሰዋል። ተመራማሪዎቹ ሊንክድኢን በተባለው የሥራ ትስስር ድረ ገጽ ላይ የ20 ሚሊዮን ሰዎችን ትውውቅ በአምስት ዓመት ውስጥ ተከታትለው፣ ለሥራ ቅያሪ ይበልጥ የሚረዳው ላላ ያለው ትውውቅ መሆኑን አረጋገጡ። አንድ ማስተካከያ ግን ጨመሩበት፤ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ጭራሽ የማይታወቅ ሰው ሳይሆን መካከለኛው ነው። ሰላምታ የምትለዋወጡት፣ ጥቂት የጋራ ትውውቅ ያላችሁ፣ ቤቱን ግን የማታውቁት ሰው ማለት ነው። ሁለተኛውን ነጥብ፣ የአዲስ መጪውን ጉዳይ፣ ሎሪ ቢማን የተባለች ኢኮኖሚስት አሜሪካ የሰፈሩ ስደተኞችን መረጃ ይዛ መርምራዋለች። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው ሥራዋ እንዳሳየችው፣ አንድ ስደተኛ በሰፈረበት ከተማ ከእርሱ ጋር በአንድ ሰሞን የመጡ የአገሩ ሰዎች ሲበዙ ሥራ የማግኘት ዕድሉ ይቀንሳል፤ ቀደም ብለው የመጡት ሲበዙ ግን ዕድሉም የሰዓት ክፍያውም ከፍ ይላል። አብሮን የመጣው ያንኑ በር ነው የሚያንኳኳው፤ ቀድሞን የገባው ግን በሩን ከውስጥ በኩል ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ቅር የሚለው ሰው እንዳለ ከመድረክ ሆኜ ይታየኛል። «ከኤርፖርት የተቀበለን፣ ሳሎኑን የለቀቀልን፣ ከሥራው ፈቃድ ወስዶ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ያደረሰን የራሳችን ሰው አይደለም ወይ?» ነው፣ ውለታውም የሚረሳ አይደለም። እንደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያሉ ከተሞችን ለአዲስ መጪ ቀላል ያደረገው ይኸው መተሳሰብ ነው። ማኅበረሰባችሁን ተዉት አላልኩም። ያልኩት፣ በማኅበረሰባችሁ ውስጥም ቢሆን አጠገባችሁ ካለው አልፋችሁ ሃያ ዓመት የቆየውን፣ በደብሩ በዓል ቀን ብቻ የምታዩትን፣ በሌላ ሙያ የተሰማራውን ፈልጉ ነው። መጠለያ የሰጠ ሁሉ ሥራ እንዲሰጥም መጠበቅ ውለታን ከአቅሙ በላይ መጫን ነው።

የመጀመሪያው ሥራም መመዘን ያለበት በዚሁ ሚዛን ነው። በሜሪላንድ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 15 ዶላር ነው፤ ጀማሪ የሚቀጠርባቸው ሥራዎች አብዛኛዎቹ ከዚሁ ወለል ብዙ አይርቁም። ስለዚህ በአንዱና በሌላው መካከል ያለው የገንዘብ ልዩነት ጠባብ ነው፤ በሚያስተዋውቋችሁ ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት ግን ሰፊ ነው። አሁን በያዛችሁት ሰርተፍኬት ነርሲንግ ሆም የገባ ሰው በአንድ ፈረቃ ከነርሶች፣ ከማኅበራዊ ሠራተኞች፣ ከፊዚዮቴራፒስቶችና ከታማሚዎች ልጆች ጋር ይውላል። የፌዴራል ሕግ ለዚህ ሥራ የሚያስገድደው ሥልጠና በትንሹ 75 ሰዓት ነው፤ በዚህ አጭር ጊዜ ይህን ያህል ሰው የሚያስገኝ ሌላ በር ማግኘት ቀላል አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ በፓርኪንግ ዳስ ውስጥ ብቻውን የሚያድር ሰው ተመሳሳይ ገንዘብ ይዞ ይወጣ ይሆናል፤ ስሙን የሚያውቅለት ግን ካሜራው ብቻ ነው።

ስለ መኪና ሥራ ግን ረዘም አድርጌ እንድናገር ፍቀዱልኝ። ከዚህ አዳራሽ ወጥቶ ወደ ኡበር የሚሄደው ጥቂት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ነፃነቱ ያጓጓል፤ አለቃም የለም፣ የቅጥር ቃለ መጠይቅም የለም። እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። ተቀጣሪ ከደመወዙ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 7.65 በመቶ ሲከፍል ያንኑ ያህል አሠሪው ይጨምርለታል። ሾፌሩ ግን በሕግ ፊት የራሱ አሠሪ ነውና ሁለቱንም ከተጣራ ገቢው ራሱ ይሸከማል፤ 15.3 በመቶ መሆኑ ነው። ቤንዚኑ፣ ኢንሹራንሱ፣ የመኪናው እርጅናም የእርሱ ነው። ማታ ስልኩ ላይ የሚያየው ቁጥር ገቢው አይደለም፤ ገቢው ይህ ሁሉ ከተነሣለት በኋላ የሚተርፈው ነው። ከገንዘቡ የሚብሰው ግን ሌላ ነገር ነው። በቀን ሃያ ሰው ይጭናል፤ ዶክተርም፣ ሥራ አስኪያጅም፣ ጠበቃም ከኋላው ይቀመጣል፤ ሲወርዱ አምስት ኮከብ ይሰጡታል፣ እዚያው ይረሱታል። ከሦስት ዓመት በኋላ ሌላ ሥራ ሲያመለክትና «ሪፈረንስ አምጣ» ሲባል ማንን ይጥራ? ኮከብ ደብዳቤ አይጽፍም። መኪና መንዳት ነውር ነው ያልኩ እንዳይመስላችሁ፤ ልጅ ያስተማረ፣ ቤት የገዛ ክቡር ሥራ ነው። ለመጀመሪያ ሥራ ግን፣ ሰው በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ከሰው መሀል ሆኖ ሰው የሚያሳጣ ሥራ ነው።

«የቤት ኪራይ ትውውቅ አይቀበልም፤ አገር ቤት የሚጠብቅ ቤተሰብም አለ» ትሉኛላችሁ። በዚህ አልከራከርም፤ የራበው ሰው ያገኘውን ይሠራል። ችግሩ፣ ለሦስት ወር ተብሎ የተያዘ ሥራ ሦስት ዓመት ማደሩ ነው። ሌሊት መንዳት ግድ ከሆነ ይነዳ፤ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ፈረቃ ግን ከሰው ጋር የሚያውል ሥራ ይያዝ። ዲግሪ ይዛችሁ የመጣችሁም አላችሁ፤ ለእናንተም ነገሩ ያው ነው። በዚህ አገር ከችሎታቸው በታች የሚሠሩ ወይም ሥራ ያጡ የኮሌጅ ምሩቅ መጤዎች ወደ 2 ሚሊዮን እንደሚጠጉ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የማይግሬሽን ፖሊሲ ኢንስቲትዩት ጥናት ገምቷል። ዲግሪያችሁን አስገምግሙ፣ የፈቃድ ፈተናውን ተፈተኑ፤ ግምገማው የተማራችሁትን ይመሰክራል፣ የትኛው ቢሮ ሰው እየፈለገ እንደሆነ ግን አይነግራችሁም። ያንን የሚነግራችሁ እዚያው የሚሠራ ሰው ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ሰው ቀርበን እንዳንጠይቅ የሚያደርገን ይሉኝታ ነው፤ ትንሽ ልቆጣ። ከማናውቀው ሰው ነገር መጠየቅ ልመና ይመስለናል። ይህ የሚመስለን ጥያቄውን ስለምናበላሸው ነው። «ሥራ አስገባኝ» ስትሉት ሰውየው ላይ ዕዳ ትጭናላችሁ፣ እምቢ ለማለትም ያፍራል፣ ቀጥሎ ይሸሻችኋል። «እናንተ ጋ ሰው የሚቀጠረው እንዴት ነው? በምን ወር? ማመልከቻውንስ የሚያየው ማን ነው?» ብትሉት ግን የሚያስከፍለው አምስት ደቂቃ ነው፤ ስለ ሥራው መናገር የማይወድ ሰውም ጥቂት ነው። ቁጣው ለተመራቂዎች ብቻ አይደለም። እናንተ ከኋላ የተቀመጣችሁ፣ ከመጣችሁ አሥር ሃያ ዓመት የሆናችሁ፣ አንድ ልጅ ቀርቦ ይህን ሲጠይቃችሁ «በርታ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ማለፍ መልስ አይሆንም። እግዚአብሔር እንደሚያውቅማ ልጁም ያውቃል፤ የጠየቀው እናንተ የምታውቁትን ነው።

አሁን ምግቡ ይከፈታል። ተመራቂዎች፣ የመጨረሻ የቤት ሥራ አለባችሁ፦ አብሯችሁ ከመጣው ሰው አጠገብ አትቀመጡ። የማታውቋቸው ሁለት ሰዎች ስማቸው ማን እንደሆነና የት እንደሚሠሩ ሳትይዙ ከዚህ አዳራሽ እንዳትወጡ። እናቶችም፣ ለፎቶግራፍ ስትፈልጓቸው ልጆቻችሁ ከአጠገባችሁ ቢጠፉ አትቀየሙ፤ ሥራ ፍለጋ ላይ ናቸው።